ፉላ ወይስ ፎሊ

ለልምምድ ወደ እኔ የሚላኩት የጤና ተማሪዎች ከኋላዬ «እትዬ ቅርንፉድ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ይበሉኝ። ጋውኔ ኪስ ውስጥ ክዳኗ ጥብቅ የሚል ትንሽ ቆርቆሮ አለች፤ በውስጧ አምስት ስድስት ፍሬ ቅርንፉድ ይገኛል። ተማሪ የበሽተኛን የራስ ቅል ነርቮች ሊመረምር ባትሪውን ሲያነሳ ቆርቆሮዋን ከፍቼ መዳፉ ላይ አስቀምጥለታለሁ። «ከአንድ ጀምር» እለዋለሁ። ባለፈው ሰሞን አንዱ ፈገግ ብሎ «አንደኛውን እኮ ማንም አያየውም» አለኝ። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ጮህኩበት። በሽተኛው ሳይቀር ደነገጠ። ልጁ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ የጮህኩት ግን በእሱ ላይ አልነበረም፣ ይህንንም ልነግረው አልቻልኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአንጎላችን ተነስተው ወደ ዓይን፣ ወደ ፊት፣ ወደ ጆሮ፣ ወደ ጉሮሮ የሚሄዱ አሥራ ሁለት ጥንድ ነርቮች አሉ። አንደኛው ሽታን ያደርሳል፣ ሁለተኛው ማየትን፣ ሰባተኛው ፊትን ያንቀሳቅሳል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ እስከ ምላስ ይወርዳል። ስንማር ሁሉንም ሸምድደናል። ሥራ ላይ ግን አንደኛው ይዘለላል። መምህራችን ራሱ «የሚሸተት ነገር ኪሱ ይዞ የሚዞር ማን አለ?» እያለ ይስቅ ነበር። ስለዚህ ካርድ ላይ በሮማ ቁጥር ከሁለት እስከ አሥራ ሁለት ደህና ናቸው ተብሎ ይጻፋል። ይህ ሐቀኛ ሰው ሲጽፈው ነው። የቸኮለ ሰው ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት ብሎ ይጽፋል። እኔ ከቸኮሉት ነበርኩ።

ያን ጊዜ የምሠራው ጭሮ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ብዙ በማይርቅ አንድ ትንሽ የግል ክሊኒክ ነበር። ጤና መኮንን ነኝ፤ ሰዉ ግን ዶክተር ይለኛል፣ ማረም ከተውኩም ቆይቻለሁ። ክሊኒኩ ከእህል ወፍጮ ጋር ግድግዳ ይጋራል፤ ወፍጮው ሲነሳ ጠረጴዛዬ ላይ ያለው የውሃ ብርጭቆ ይንቀጠቀጣል። በሽተኛ ከበደሳም፣ ከቦኬም፣ ከሚኤሶም ይመጣል። ከበሩ ሥር ለጫት የሚሆን ባልዲ አስቀምጠናል፤ በእኛ አገር «ጉንጭዎን ይንፉ» ከማለት በፊት «ይትፉት» ማለት ግድ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ባልደረባችን፣ ገና በመጀመሪያው ሳምንቱ፣ የአንድ የጫት ነጋዴን ግራ ጉንጭ አይቶ እብጠት ነው ብሎ ሪፈር ሊጽፍለት ደርሶ ነበር። ሰውዬው ጫቱን ወደ ቀኝ ጉንጩ ሲያዞረው «ዶክተር፣ ተሰደደ እኮ!» ብዬ ልጁን መሳቂያ አደረግሁት።

ያ ባልደረባዬ ኦሮምኛ ስለማይችል በሽተኛ በመጣ ቁጥር የጽዳት ሠራተኛችንን ጠርቶ ያስተረጉም ነበር። በዚህም እስቅበታለሁ። እኔ እዚሁ ነው የተወለድኩት። እናቴ እስካሁን ከተማዋን አሰበ ተፈሪ ነው የምትላት፤ ቤታችን የሚነገረው አማርኛ ነው፤ ኦሮምኛን ያነሳሁት ከጎረቤት ልጆችና ከገበያ ነው። ሽንኩርት ስገዛበት፣ ስከራከርበት፣ ስሰዳደብበት ያደግሁት ቋንቋ ነው። «ለእኔ አስተርጓሚ? ኧረ ወዲያ!» ባይ ነበርኩ።

የሚኤሶዋ እናት የመጡት በአንድ የገበያ ቀን ረፋድ ላይ ነው። ሃምሳዎቹን ያጋመሱ፣ ቀጠን ረዘም ያሉ ሴት ናቸው። ገና በሩ ላይ ሳሉ በጭስ የታጠነ ጀሪካንና የወተት ሽታ ቀድሟቸው ገባ። የግመል ወተት ነጋዴ ነበሩ፤ ቆላው ላይ ከአርብቶ አደሮቹ ይሰበስቡና በጠዋቱ መኪና ሽቅብ ወደ ጭሮ ያመጡታል።

«አሰላሙ አለይኩም» አሉ።

«ወአለይኩም ሰላም እማማ። ይቀመጡ። ምን ሆኑ?» አልኳቸው በኦሮምኛዬ።

ወፍጮው ተነሳ። ሻርፓቸውን ሰብሰብ አድርገው አፍና አፍንጫቸውን ሸፈኑና መዳፋቸውን ከግንባራቸው ወደ አገጫቸው አወረዱት። «ፎሊን ነ ጀላ በዴ» አሉኝ።

እንዲህ አጥርቼ የምጽፈው አሁን ነው። በኦሮምኛ ፉላ ማለት ፊት ነው፤ ፎሊ ማለት ሽታ ነው። እሳቸው ያሉት ፎሊ ነው፤ ሽታ ጠፋብኝ። እኔ በወፍጮው ጩኸት መሃል፣ ከሻርፓቸው ሥር የሰማሁት ፉላን ነው፤ ፊቴ ጠፋብኝ። በዚያው ሳምንት «ምች መታኝ» ብሎ አፉ የተጣመመ ሾፌር መጥቶ በሽታውን አውቄለት፣ ገና ደስታው አልለቀቀኝም ነበር። መዳፋቸው ፊታቸው ላይ ሲወርድም አየሁ። ፊት ጠፋ ማለት ፊት ደነዘዘ ነው፣ በቃ። ምን ይጠየቃል?

«ሰዎቹ ከእኔ መግዛት ተዉ» ቀጠሉ። «ስንት ዘመን ከእኔ እጅ ሲጠጡ የኖሩ ሰዎች። ለምን እንደሆነ የሚነግረኝ...»

«እማማ» አልኳቸው፣ «ወተቱን ይተዉትና ስለ ራስዎ ይንገሩኝ። ራስዎን ያምዎታል?»

«ያመኛል» አሉ።

ምነው አፈር በበላኝ! ያቺን «ወተቱን ይተዉትና» መልሼ ብውጣት፣ ዛሬ ያለኝን ሁሉ እሰጥ ነበር።

ከዚያ መመርመር ጀመርኩ፤ ደግሞም በደንብ መረመርኩ፣ እሱን ማንም አይወስድብኝም። ባትሪ አበራሁ፤ ሁለቱም ብሌኖች ጠበቡ። የዓይንን ጀርባ የምናይበት መሣሪያ ድንጋዩ ካለቀ ሰንብቶ ነበርና እሱን ተውኩት። «ጣቴን በዓይንዎ ብቻ ይከተሉ፣ ራስዎን አያንቀሳቅሱ» አልኩ፤ እንደ ሰው ሁሉ ራሳቸውን አንቀሳቀሱ፣ አገጫቸውን ያዝ አድርጌ ደገምነው። ጥጥ ወስጄ ግንባራቸውን፣ ጉንጫቸውን፣ አገጫቸውን ነካካሁ፤ ሁሉም ይሰማቸዋል። ፊት ጠፋኝ ያሉ ሰው ፊታቸው ደህና ነው! ይህ ራሱ ቆም ሊያደርገኝ ይገባ ነበር። ቅንድብ አስነሳሁ፣ ጥርስ አስገለጥኩ፣ ጉንጭ አስነፋሁ። ጫት አልነበራቸውም፤ ወተት ሻጭ ጠዋት ጫት አይቅምም ብለው ቀለዱብኝ። ጆሯቸው ሥር ጣቴን አፋተግሁ፣ ወፍጮው ዝም እስኪል ጠብቄ። በመጨረሻ «ምላስዎን ያውጡ» ስላቸው ሳቃቸው መጣ። «ልጄን በሚያህል ሰው ላይ ምላሴን አወጣለሁ?» ብለው አፋቸውን በሻርፓቸው ሸፈኑ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ውጭ ተራ እየጠበቀ ያለቅስ የነበረው ሕፃን እንኳ ዝም አለ። ከዚያ ምላሳቸውን አወጡ። ቀጥ ያለ ነበር።

ካርዱ ላይ በሮማ ቁጥር ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት ደህና ናቸው ብዬ ጻፍኩ። የራስ ምታት ማስታገሻና ቫይታሚን አዘዝኩ። «ደህና ነዎት እማማ፣ ምንም የለብዎትም» አልኳቸው። ደህና ነዎት ሲባሉ ፊታቸው አልፈካም፤ እሱን ልብ ብያለሁ። ቢሆንም መረቁኝ፣ ከዘንቢላቸውም በሃይላንድ ጠርሙስ የተሞላ ወተት አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩልኝ። «ላንቺ ነው፣ ኢንተላ ቲያ» አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው።

ለምሳ ቤት ስሄድ ይዤው ሄድኩ። ክዳኑን ከፍቼ ሳሸተው ኮምጧል። እንዲህ በትንሹ የዞረ አይደለም፣ አፍንጫ የሚያስይዝ ነው። እናቴም አሽትታ ፊቷን አዞረች። «ምነው እቴ፣ ለሐኪም የተበላሸ ወተት ይሰጣል?» አልኩ ቅር ብሎኝ። «ድፊው፣ ግን አንድም ቃል እንዳትነግሪያቸው» አለች እናቴ። «ሰው ፈቅዶ በሰጠው ነገር ኮመጠጠ አይባልም፣ ነውር ነው።» ደፋሁት። ጠርሙሱን አጥቤ ውሃ ሞላሁበት።

ከዚያ በኋላ ረሳኋቸው። እውነቱን ልናገር ብዬ ነው የተነሳሁት፣ ረሳኋቸው። ክረምቱ አለፈ፣ ማሽላው ታጨደ፣ አቧራው ተመልሶ መጣ።

ሲመለሱ ትልቅ ልጃቸው ክንዳቸውን ይዛ ነበር። በሩ ሰፊ ነው፤ እሳቸው ግን ትከሻቸው ጉበኑን መታው። መጋጨታቸውን ሳይሆን መሳቃቸውን ነው ቀድሜ ያየሁት፤ የሆነ ቦታውን የሳተ ሳቅ። ልጅቷ ጭሮ የተማረች ናት፣ አማርኛዋ ደህና ነው። «እናቴ ዓይኗ ሄደ» አለችኝ። «አንደኛው ጨርሶ አያይም፤ ሌላው ጭላንጭል ብቻ ነው። ጠባይዋም ተለወጠ። ጀሪካን እሳት ላይ ጥላ ትሄዳለች፤ ሲቀልጥ ብንጮህ ትስቃለች።»

ባትሪዬን አበራሁ። የግራ ብሌናቸው መብራቱን ከቁብ አልቆጠረውም።

«መቼ ጀመረ?» አልኩ፣ ድምፄ እንደ ሐኪም እንዲሆን እየታገልኩ።

«ከሽታው በኋላ ነዋ» አለች ልጅቷ። «ያኔ ሽታ ጠፋኝ ብላ እዚሁ መጥታ ነበር። ደህና ነሽ አላት ሐኪሟ።»

ሽታ? ልጅቷ ዞር ብላ እናቷን በኦሮምኛ ጠየቀቻቸው፤ እናት በዚያ ቦታውን በሳተ ሳቅ «ኤዬ፣ ፎሊ» አሉ፤ አዎ፣ ሽታ። ወፍጮው በዚያች ሰዓት ዝም ብሎ ነበር። እያንዳንዷ ፊደል ጥርት ብላ ተሰማችኝ። ፎሊ። ሰዎቹ መግዛት የተዉት፣ ወተቱ፣ ሻርፓው አፍንጫ ላይ የተያዘው፣ ጠረጴዛዬ ላይ የተቀመጠው ጠርሙስ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተሰልፎ መጣብኝ።

ልጅቷ ሥራቸውን የነገረችኝ በዚያ ቀን ነው። ወተት ሲሰበሰብ ከየቤቱ የመጣው ዕቃ አንድ በአንድ ተከፍቶ ይሸተታል። ደህናው ወደ ትልቁ ጀሪካን ይገለበጣል። አንድ የኮመጠጠ ከገባ የቀረውን ሁሉ ያበላሻል። በመላው ሚኤሶ እንደ እናቷ የሚያሸት አልነበረም አለች፤ የትኛው ቤት ዕቃውን በየትኛው እንጨት እንዳጠነ ሳይቀር በአፍንጫቸው ይለዩ ነበር።

የጽዳት ሠራተኛችንን ከጎረቤት ሱቅ ቅርንፉድ እንድታመጣልኝ ለመንኳት። ሳሙናም አመጣሁ፣ የብርቱካን ልጣጭም። ዓይናቸውን አስጨፍኜ በየተራ አፍንጫቸው ሥር ያዝኩላቸው። «ምን ይሸታል እማማ?»

«ሂንጅሩ» አሉ። የለም። ሳሙናው፣ የለም። ብርቱካኑ፣ የለም። ቅርንፉዱን ጨፍልቄ አስጠጋሁት፤ ለእኔ ዓይኔን አስለቀሰኝ። ለእሳቸው የለም።

ከግንባር አጥንት በስተጀርባ፣ አንደኛው ነርቭ በሚተኛበት ቦታ ላይ የሚያድግ እጢ አለ። ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው። መጀመሪያ ሽታን ይወስዳል፤ ከዚያ ጠባይን ይነካል፤ ከዚያ ወደ ኋላ ገፍቶ ዓይንን ይጫናል። በመጽሐፍ ተምሬዋለሁ። ፈተና ላይ መልሼዋለሁ። እጢው ራሱ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ «ሽታ ጠፋብኝ» ሲለኝ ግን ስለ ራስህ ንገረኝ አልኩት።

ሪፈር ልጽፍ የድሮ ካርዳቸውን ከካርድ ክፍል አስወጣሁ። የገዛ ጽሑፌ ነው። ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት። የሮማ አንድ ማለት አንዲት ቀጥ ያለች ሰረዝ ናት። ከጎኗ ሌላ ሰረዝ ብትጨመር ሁለት ትሆናለች፤ ከሁለት እስከ አሥራ ሁለት ይሆናል፤ ሰው ሁሉ እንደሚጽፈው፣ ማንም የማይጠይቀው። እናትና ልጅ ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኛል። እስክሪብቶው በእጄ ነው።

ጨመርኳት።

ማንም አላየኝም። እስከ ዛሬም የጠየቀኝ የለም። በዕለቱ አምቡላንስ ለምኜ፣ ስልክ ደውዬ፣ አዲስ አበባ እስኪደርሱ ተሯሯጥኩ፤ ሰዉም «ምን ዓይነት ደግ ሐኪም ናት» አለ። ቀዶ ሕክምናው ተሠራ፣ እጢው ወጣ፣ እሳቸው ተረፉ፣ ጠባያቸውም ተመለሰ። ከዓይናቸው ግን ያች ጭላንጭል እንኳ ሄደች። የሠራላቸውን ሐኪም በስልክ አግኝቼ፣ ገና ሽታው ብቻ ጠፍቶ ሳለ ቢመጡ ኖሮስ ብዬ ጠየቅሁት። «ያኔማ ዓይናቸው...» ብሎ ጀመረ። «ለምን ጠየቅሽ?» አለኝ ደግሞ። ዝም ብዬ ነው አልኩት። እርግጥ ያኔ በትክክል ብሰማቸው ኖሮ ስለ ሽታ ብዬ እስከ አዲስ አበባ እሰዳቸው ነበር ወይ? እንጃ። ምናልባት ጉንፋን ነው እል ነበር። ይህንን እንኳ ለማወቅ ዕድሉን ለራሴ አልሰጠሁትም።

ከዚያ ወዲህ ወተት በሌለበት ወተት ይሸተኛል። የታጠነ ጀሪካን፣ የኮመጠጠ ወተት። በሽተኛ ፊት ተቀምጬ ድንገት ይመጣል። ባልደረባዬን «ይሸትሃል?» ስለው አየሩን ማግ ማግ አድርጎ «ምን?» ይለኛል። ቸርች ዓይን ተጨፍኖ ሲጸለይ ይመጣል። አንድ እሑድ ምስክርነት ያለው ይነሳ ሲባል ተነስቼ ቆምኩ፣ ሁሉም ፊቱን አዞረልኝ፣ እኔ ደግሞ ጤና ስለሰጠን ጌታ ይመስገን ብዬ ተቀመጥኩ። የሌለ ነገር መሽተት ራሱ የአንደኛው ነርቭ ሕመም ሊሆን እንደሚችል አውቃለሁ። ተመርምሬያለሁም፤ ምንም የለብሽም፣ ደህና ነሽ ተባልኩ። ደህና ነሽ ሲባል ምን እንደሚመስል ያን ቀን አየሁት። ክሊኒኩን ለቅቄ ሌላ ቦታ ገባሁ፣ ወፍጮ የሌለበት። ሽታው ግን ተከትሎኝ መጣ።

ባለፈው ዓመት ልነግራቸው ወስኜ በሚኒባስ ወደ ሚኤሶ ወረድኩ። እናቴ «የት ነው?» ስትለኝ ለሥራ አልኳት። ሙቀቱ ከመኪናው ስወርድ ፊቴን መታኝ፤ ከባድ መኪኖቹ በመንገዱ ግራና ቀኝ ተደርድረዋል። ቤታቸውን ጠይቄ አገኘሁት። ግቢው ውስጥ ጀሪካኖች በእንጨት ላይ ተደፍተው ጭስ ይጠጣሉ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሽታው እውነተኛ ነበር። እሳቸው ጥላ ሥር አጎዛ ላይ ተቀምጠዋል። ልጃቸው ወተት ልታስረክብ ወጥታለች፤ ማሽተቱን አሁን የምትሠራው እሷ ናት።

«አሰላሙ አለይኩም እማማ» አልኩ።

ራሳቸውን ቀና አደረጉ። «ምላስሽን አውጪ ያለችኝ ልጅ!» አሉና ሳቁ፤ የድሮው ሳቃቸው ነበር። እጃቸውን ዘርግተው እጄን ፈለጉ፣ ሳሙት። «አንቺ ነሽ ያተረፍሽኝ። አላህ ይጠብቅሽ። አንቺ ባትሮጪልኝ አፈር ነበርኩ፣ አልሐምዱሊላህ።» በመንገድ ስሰድረው የመጣሁት ቃል ሁሉ ጠፋብኝ። ስለ ጤናቸው ጠየቅኋቸው፣ ለመናገር ጊዜ ለማግኘት።

«ራሴ ደህና ነው፣ አያመኝም» አሉ። «ሽታው ድሮ ነው የሄደው። አሁን ደግሞ ፉሊ ነ ጀላ በዴ።»

ግቢው ጸጥ ያለ ነው። ወፍጮ የለ፣ ሻርፓ አፋቸው ላይ የለ። አጥርቼ ሰምቻለሁ፤ ፉሊ ሲሉ ፉላን፣ ፊትን ማለታቸው ነው። ሆኖም አፌ በራሱ ጊዜ ተከፈተና ያን ቀን ልጠይቀው የሚገባኝን ጠየቀ።

«ፉላ ሞ ፎሊ?» አልኳቸው። ፊት ወይስ ሽታ?

«ለማኑ» አሉ። ሁለቱም። «የልጆቼ ፊት ጠፋብኝ። የልጅ ልጄን ፊት አላውቀውም።»

ሦስት ቃል ናት ጥያቄዋ። አንድ ትንፋሽ አትፈጅም።

ያኔ ነገርኳቸው። ሽታ ሲሉኝ ፊት ብዬ እንደሰማሁ፣ እንዳልጠየቅኩ፣ ሳላየው አይቻለሁ ብዬ እንደጻፍኩ፣ በኋላም ሰረዝ ጨምሬ እንደደበቅኩ። እያለቀስኩ ነገርኳቸው፤ ኦሮምኛዬ እየተሰባበረ፣ ቃል ሲጠፋኝ በአማርኛ እየሞላሁ። አላቋረጡኝም። እጄን ግን ለቀቁት። ጎናቸው ያለውን ባዶ ጀሪካን አፍ በጣታቸው ዙሪያውን ይዳስሱ ጀመር። ስለ ካርዱ ይጠይቁኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ወይም ስለ ዓይናቸው፣ ያኔ ቢታወቅ ይድን ነበር ወይ ብለው። ወይም ይረግሙኛል፤ እሱንም ፈልጌው ነበር።

«ያን ቀን የሰጠሁሽ ወተት» አሉ በመጨረሻ። «ጥሩ ነበር?»

እናቴ ጆሮዬ ሥር «ነውር ነው» ስትል ሰማኋት።

«ኮምጦ ነበር እማማ» አልኩ።

«አሽትተሽው ነበር?»

«አዎ። አሽትቼ ደፋሁት።»

ጣታቸው የጀሪካኑ አፍ ላይ ቆመ። ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ፤ ዓይናቸው ከትከሻዬ በላይ የሆነ ቦታ ላይ ነበር።

«እኔ እኮ ያን ቀን የመጣሁት እሱን የሚነግረኝ ሰው ፍለጋ ነበር» አሉኝ። «ምነው ዝም አልሽኝ?»